ማስተካከያ፦ መብራትና ሙቀት አብሮ ስለሚያመነጨው የቤት ማሽን

ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ ይህ ማሽን ከሚገባለት ጋዝ 90 በመቶውን ኤሌክትሪክ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ለአራት ኪሎና ለካዛንቺስ ቤቶች ይመከራል ተብሎ ነበር። ሁለቱም መስተካከል አለባቸው።

90 በመቶ ገደማ የሚሆነው የመብራቱና የሙቀቱ ድምር ነው። በሞተር የሚሠራው አነስተኛ ማሽን ኤሌክትሪክ የሚያደርገው ከነዳጁ ኃይል ሩብ ያህሉን ነው። ከቀረው አብዛኛው ሙቀት ሲሆን ውሃና ቤት ያሞቃል። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ተራ ጄኔሬተር በጭስ ማውጫና በራዲያተር የሚያባክነውን ሙቀት ሥራ ላይ ያውላል። ሙቀቱን የሚፈልገው ከሌለ ግን ውድ ጄኔሬተር ሆኖ ይቀራል።

በጃፓን በፊውል ሴል (ነዳጅን ሳያቃጥል በኬሚካላዊ ሂደት ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ መሣሪያ) የሚሠራው ዓይነት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤቶች ይሸጣል። እዚያ በብዙ ከተሞች ጋዝ በቧንቧ ይገባል፤ ክረምቱም ይበርዳል። እኛ ጋዝ የምንገዛው በሲሊንደር ነው። የሐምሌን ብርድ ደግሞ በጋቢ እናልፈዋለን። መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ ግድብ ስለሚመጣም፣ ቤት ውስጥ ጋዝ አቃጥሎ ማመንጨት ብክለት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ለሻወር ብቻ ከሆነ፣ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የፀሐይ ማሞቂያ ይሻላል። ማንም ብድር ገብቶ እንዲቆጭ አንፈልግም። ቀኑን ሙሉ ሙቅ ውሃ የሚፈልጉ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች ግን ቢያጠኑት ጥሩ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በስሱ አየር የሞተር ጉልበት ይቀንሳል። ሻጩን በዚህ ከፍታ ስንት ኪሎዋት እንደሚሰጥ ጠይቁት። ጭሱም መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለው፣ ማውጫው የግድ ወደ ውጭ ይሁን።