የተደፈነ ረግረግ በኩሬ አይካካስም

በረግረግ ላይ መንገድ ወይም መንደር ሲታቀድ አንድ ማባበያ አይጠፋም፤ «እዚህ የምናጠፋውን ያህል ሌላ ቦታ እንሠራለን» ይባላል። በሔክታር ከተሰላ ሒሳቡ ልክ ይመጣል። እኔ ግን አልቀበለውም። የረግረግን ጠባይ የሚወስነው ከስፋቱ ይልቅ ውሃው ከየት እንደሚመጣና ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነው።

የባሕር ዳር ጨዋማ ረግረግን እንይ። ባሕሩ ሲሞላ ይሸፈናል፣ ሲጎድል ይገለጣል። የሚበቅልበት ጨው የሚችል ዕፅ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ሣር የተረፈውን ጨው በቅጠሉ ላይ ባሉ ዕጢዎች ያስወጣል። መሬቱ ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ ባለ ቁጥር የሣሩ ዓይነት ይለወጣል። ሥሩ ደለል ይይዛል፣ ግንዱ የማዕበሉን ጉልበት ይሰብራል፣ የዓሣ ጫጩቶች በመካከሉ ያድጋሉ። ጭቃው ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ የባሕር ውሃ ሰልፌት ስለሚይዝ ሰልፌት የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ሚቴን የተባለውን ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ የሚያመርቱትን ምግባቸውን ይሻሟቸዋል። በዚህ ምክንያት ጨዋማው ረግረግ ከጨው አልባው ያነሰ ሚቴን ያወጣል። አንዱን በሌላው የለወጠ ሰው የአየር ንብረቱንም ሒሳብ ለውጧል።

ጨው አልባው ረግረግ የቄጠማ፣ የፊላና የሸምበቆ አገር ነው። ኦክስጅን ባጣው ጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከእርሻ ታጥቦ የመጣውን ናይትሬት ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። ዛፍ የበዛበት ውሃማ ደን ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱን ልለፈው።

በብዛት የሚበደለው ወቅታዊው ነው። በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች የበረዶ ግግር ትቷቸው የሄደ ብዙ ጎድጓዶች በፀደይ ውሃ ይይዛሉ፣ ብዙዎቹም በበጋ ይደርቃሉ። የዳክዬዎች ዋነኛ መራቢያ ናቸው። ሲደርቁ ጭቃው ውስጥ የቆየው ዘር ይበቅላል፤ ድርቀቱ የኑሯቸው አካል ነው። በበጋ መጥቶ «ይኼማ ደረቅ መሬት ነው» የሚል ቀያሽ ግን የትም አለ።

ከሁሉ የማይተካው ፒት ያለበት መሬት ነው። ፒት ማለት ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ የሚከማች የዕፅዋት ቅሪት ነው፤ በዓመት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይጨምራል፤ አንድ ሜትር ለመሆን ሺህ ዓመት ያህል ይፈጃል። የትኛው ተቋራጭ ነው ይህን በውሉ ጊዜ የሚያስረክበው?

ማካካስን መመሪያ ባደረገችው አሜሪካ፣ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ሪፖርት የረግረግ መጠን በጠቅላላው እንዳይቀንስ የተያዘው ግብ ከረግረጎቹ አገልግሎት አንጻር እንዳልተሳካ ገልጿል። ፒት ያለባቸውን አንዳንድ ዓይነቶችም በተፈላጊው መጠን መልሶ መሥራት እንደማይቻል አስታውቋል። ስለዚህ ማንኛውም የግንባታ ፈቃድ ከስፋቱ በፊት የውሃውን ምንጭ፣ የጨው መጠኑንና በየወቅቱ ያለውን ከፍታ ይጠይቅ። እነዚህን የማያሟላ ምትክ ውድቅ ይደረግ።

በደቡብ ኢራቅ የደረሰውን የሚያነሱብኝ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሳዳም ሁሴን መንግሥት ያደረቃቸው ረግረጎች ከ2003 እ.ኤ.አ. በኋላ ነዋሪዎቹ ውሃውን ያገዱትን ግድቦች ሲያፈርሱ በከፊል አገግመዋል፤ ሸምበቆውም ተመልሷል። እውነት ነው። የተመለሰው ግን የጤግሮስና የኤፍራጥስ ውሃ በቀድሞ ቦታው ስለደረሰለት ነው። ከላይ ባሉ ግድቦችና በድርቅ ወንዞቹ በቀነሱባቸው ዓመታት ረግረጎቹ እንደገና ሸሽተዋል፤ የቀረው ውሃም ጨው በዝቶበታል።