ለቃቂዎችና በላተኞች

የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ሐበሻ በሁለት ይከፈላል። ፖለቲካውን ተዉት፣ እሱ ሌላ ቀን ይደርሰናል። እኔ የማወራው ስለ ዓሣ ነው። አንዱ ወገን ዓሣ ይይዝና ይለቃል። ሌላው ይይዝና ይበላል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ሳንዲ ፖይንት መናፈሻ፣ ከቼሳፒክ ቤይ ድልድይ አጠገብ ጎን ለጎን ቆመው ሲገላመጡ ይውላሉ።

ለቃቂው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው። ሥራው ከኮምፒውተር ጋር ነው። የዘንጉ ዋጋ የእኔን መኪና የአንድ ዓመት ኢንሹራንስ ይሸፍናል። ዓሣ የተሳለበት እጀ ረጅም ሸሚዝ አለው፣ ጥቁር መነጽር አለው፣ የመነጽሩ ማሰሪያ ራሱ ብራንድ ነው። ዓሣ ሲይዝ መጀመሪያ ስልኩን ያወጣል። ከፊት ፎቶ፣ ከጎን ፎቶ፣ እየሳመው ፎቶ። ዓሣው አፉን ይከፍታል፣ ልጁም አፉን ይከፍታል። ከዚያ በሁለት እጁ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ይለቀውና ለቪዲዮው፣ «ሂድ ወንድሜ፣ እደግ» ይለዋል። ዓሣው ሴት መሆኗን የነገረው የለም።

የበላተኞቹ አለቃ ጋሼ ናቸው። የቀድሞ ባሕር ኃይል ናቸው፤ ምጽዋ ነው የሠሩት። እዚህ የሚይዙት ዓሣ ሁሉ ምጽዋ ከያዙት ያንሳል። ድልድዩም ያንሳል፣ ፀሐይዋም ታንሳለች። ባለቤታቸው እትዬ ተጣጣፊ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ኩለሩ ውስጥ እንጀራ አለ፣ ሎሚ አለ፣ አዋዜ አለ፣ የተከተፈ ሽንኩርት አለ። የጎደለው ዓሣው ብቻ ነው።

ልጁ የመጀመሪያውን ሲለቅ ጋሼ ዝም አሉ። ሁለተኛውን ሲለቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሦስተኛው ላይ ግን አልቻሉም።

«ልጄ፣ የማትበላውን ዓሣ ለምን ቀሰቀስከው?»

«ጋሼ፣ ተፈጥሮን መጠበቅ አለብን።»

«ተፈጥሮማ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ይኼ እኮ ሰውን ካጎረስክ በኋላ ጉርሻውን በክር መልሰህ መጎተት ነው።»

እዚህ ላይ ሕጉ ማንን ይደግፋል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ሕጉ የሚደግፈው ማስመሪያውን ነው። እዚህ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ንጉሡ ሮክፊሽ የሚባለው ዓሣ ነው። ጎኑ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር አለው፤ ከ1965 ጀምሮ የሜሪላንድ ግዛት ዓሣ እሱ ነው። በ2024 በወጣው ደንብ መሠረት አንድ ሰው በቀን አንድ ብቻ ይዞ መሄድ ይችላል። ርዝመቱ ከ19 ኢንች ማነስ የለበትም፣ ከ24 ኢንችም መብለጥ የለበትም። ያነሰው ልጅ ነው፣ ይለቀቃል። የበለጠችው ደግሞ እናት ናት፤ ትልቋ እናት በአንድ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፣ ስለዚህ እሷም ትለቀቃለች። የሚበላው መሀል ላይ የተገኘው ጎልማሳ ነው።

ይኼን ቢሮክራሲ ያመጣው ሆዳችን ነው። በሰባዎቹ መጨረሻና በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ዓሣው ከመጠን በላይ ተጠምዶ ሊያልቅ ደረሰ። ሜሪላንድ በ1985 ጭራሽ ከለከለች። እገዳው እስከ 1990 ቆየ፣ ዓሣውም አንሰራራ። ሁሉም ተደሰተ፣ ሁሉም ዘንጉን ይዞ ተመለሰ። በ2019 የወጣው ግምገማ ደግሞ እንደገና ከልክ በላይ እየተያዘ ነው አለ። ከዚያ ዓመት ወዲህም የሚፈለፈለው ጫጩት ደካማ ነው። የሰው ልጅ ከዓሣ የሚማረው በየሠላሳ ዓመቱ ነው ማለት ነው።

የጋሼን አለካክ ባታዩት ይሻላል። 18 ኢንች ተኩል የሆነውን ዓሣ ጅራቱን እየሳቡ፣ አፉን በጣታቸው እየገፉ፣ «ቅድም ውኃ ውስጥ እያለ 19 ነበር፤ ብርዱ ነው ያሳጠረው» ይላሉ። 26 ኢንች ሲመጣ ደግሞ ያው ጅራት መታጠፍ ይጀምራል። እትዬ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ፖሊሱ መጣ» ሲሏቸው ዓሣው ወዲያው ትክክለኛ ርዝመቱን ያገኛል፤ ወደ ውኃውም ይመለሳል። ያን ቀን ጋሼም ለቃቂ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ለቃቂው ልጅ በላተኛውን የሚያየው ወንጀለኛ እንደሚያይ ነው። የጋሼን ኩለር ሲያልፍ ራሱን ይነቀንቃል። ግን የተለቀቀ ዓሣ ሁሉ አይተርፍም። የአትላንቲክ ጠረፍ ግዛቶች ይኼን ዓሣ በጋራ የሚያስተዳድሩበት ኮሚሽን ሒሳቡን ሲሠራ ከሚለቀቀው መቶ ሮክፊሽ ዘጠኙ ይሞታል ብሎ ነው። መንጠቆ የዋጠ አለ፣ ስንጥቡ የደማ አለ፣ ለፎቶ ሲባል ፀሐይ ላይ የቆየ አለ። ዓሣው ጅራቱን አወዛውዞ ሲሄድ ቪዲዮው ያልቃል። የሚሞተው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱን የሚቀርጽ የለም። የሚለቀቀው ደግሞ እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ ዘጠኝ በመቶዋ ተጠራቅማ ሰው ከሚበላው ጋር የምትፎካከርበት ዓመት አለ።

ልጁ አንድ ቅዳሜ፣ «ዛሬ ሠላሳ ለቀቅኩ» ብሎ ፎከረ። ስልኬን አውጥቼ አባዛሁ። ሠላሳ በዘጠኝ በመቶ፣ ሁለት ነጥብ ሰባት። ሦስት በለው። ጋሼ በዚያ ቀን የያዙት አንድ ነው። ታዲያ ነፍሰ ገዳዩ ማነው?

ልጁ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየኝ። «የእኔዎቹ ግን ጤነኛ ነበሩ» አለ።

ጋሼ ሒሳቡን ሲሰሙ እንዴት እንደተደሰቱ አትጠይቁኝ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስለዚህ እኔም ሦስት ብይዝ እኩል ነን ማለት ነው?» አሉኝ። እውነትን ለሰው ስትነግሩ ይኼን አደጋ አስቡ።

በጋ ላይ ነገሩ ይብሳል። ውኃው ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ የታገለ ዓሣ ትንፋሹን መልሶ አያገኝም። ለዚህ ነው በ2024 ሜሪላንድ ከጁላይ 16 እስከ 31 ሮክፊሽን ለማጥመድ መሞከርን ራሱ የከለከለችው። «እለቀዋለሁ» ብሎ ነገር የለም። ለሌላው የበጋ ቀን ደግሞ ግዛቲቱ የባንዲራ ትንበያ ታወጣለች። አረንጓዴ ሲሆን አጥምድ። ቢጫ ሲሆን ረፋድ አራት ሰዓት ሳይሞላ ጨርስና ሂድ። ቀይ ሲሆን ሮክፊሹን ጭራሽ ተወው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ጋሼ መጀመሪያ ሲያዩት ተነሥተው ቆሙ። አገሩ ያከበራቸው መስሏቸው ነው።

እኔ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። በልኩ የሆነውን አንዱን እስክትይዝ አጥምድ፤ ስትይዝ ዘንግህን ጠቅልለህ ወደ ቤትህ ሂድ። መብላቱም ተገኘ፣ ሠላሳ ጊዜ በመንጠቆ መውጋቱም ቀረ። ማንም አልተቀበለኝም። ልጁ፣ «እንዲያማ ከሆነ ሁለት ሰዓት ላይ ልጨርስ ነው እኮ» አለ። ጋሼም እኩል ደነገጡ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቤት የገባ ወንድ ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን። ሣር አለ፣ ጋራዥ አለ፣ የልጅ ኳስ ጨዋታ አለ፣ ለዕድር ስብሰባ የሚጫን ወንበር አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ በለቃቂና በበላተኛ መካከል አንዳች ልዩነት የለም።

ገንዘብ ሲገባበት ደግሞ እዩት። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ኦሽን ሲቲ በየበጋው ነጭ ማርሊን የሚባል ትልቅ ዓሣ የማጥመድ ውድድር አለ። የተያዘው ማርሊን አብዛኛው ይለቀቃል፤ የሚመዘነው ግን ሚሊዮን ዶላር ያመጣል። በ2016 አንድ የፍሎሪዳ ሰው 76 ፓውንድ ተኩል የሆነ ዓሣ ይዞ 2.8 ሚሊዮን ዶላር ሊወስድ ነበር። በውድድሩ ደንብ መሠረት የውሸት መመርመሪያ ማሽን ላይ አስቀመጡት፣ አላለፈም። ክርክሩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው በቀጣዩ ዓመት፣ ጀልባዋ ክሯን ደንቡ ከሚፈቅደው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ውኃ ውስጥ ጥላ ነበር ብለው ፈረዱበት። ጋሼ ይኼን ሲሰሙ ላብ ላብ አላቸው። ያ ማሽን ሳንዲ ፖይንት ቢመጣ ስለ ምጽዋ ዓሦች የሚተርፍ ወሬ አይኖርም።

ጀርመን ብንሄድ ደግሞ ልጁ ነው የሚጨነቀው። የአገሩ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት እንስሳን ማሠቃየት ይከለክላል። ለመብላት መያዝ በቂ ምክንያት ነው። ሊበላ የሚችለውን ዓሣ ለፎቶ ብቻ ይዞ መልቀቅ ግን ሊያስከስስ ይችላል። ስለዚህ የፍራንክፈርት ወንድም 27 ኢንች ሮክፊሽ ይዞ ሜሪላንድ ላይ ኩለሩ ውስጥ ቢከት ይቀጣል። የሜሪላንዱ ልጅ ደግሞ እዚያ ሄዶ ዓሣ እየሳመ ቢለቅ እሱም ይጠየቃል። ሁለቱም በየአገራቸው ጨዋ ናቸው።

ያለን አማራጭ ወደ ሃይማኖት መሄድ ነበር። አንድ ቄስ አንዳንዴ ከእኛ ጋር ይመጣሉ፤ ዘንግ አይዙም፣ አየር ሊቀበሉ ነው። ጋሼ ጉዳዩን አቀረቡላቸው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ማንም አላነሳም፤ ሁላችንም ዕድሜያችንን እንፈልገዋለን።

ልጁ ቀደመ። በማቴዎስ ወንጌል 13፣ መረቡን ከሳቡ በኋላ መልካሙን በዕቃ አከማቹ፣ ክፉውን ጣሉት ይላል። መልቀቅ ከወንጌል ነው አለ። ቄሱ ፈገግ ብለው፣ «የጣሉት ክፉውን ነው፤ አንተ እኮ መልካሙን ነው የምትጥለው» አሉት። ጋሼ አጨበጨቡ።

ከዚያ ወደ ምዕራፍ 17 ተሻገርን። ጌታ ጴጥሮስን ወደ ባሕር ሂድና መንጠቆ ጣል፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ዓሣ ውሰድ፣ አፉን ስትከፍት ገንዘብ ታገኛለህ አለው። በዚያ ግብሩ ተከፈለ። ጥያቄው ዓሣው የት ደረሰ ነው። ወንጌሉ ዝም ይላል። ልጁ፣ ጴጥሮስ ገንዘቡን ከአፉ አውጥቶ በእርግጥ ለቆታል፣ ይኼ በታሪክ የመጀመሪያው ንጹሕ መልቀቅ ነው ብሎ ተከራከረ። ጋሼ፣ «ጴጥሮስ ባለትዳር ነው። አማቱም እቤት ናቸው፣ ተጽፏል። አማት ያለበት ቤት ባዶ እጁን የሚገባ ሰው ነው?» አሉ። እትዬ በዚህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ተስማሙ። ቄሱ ሰዓታቸውን አዩ።

ይኼ ሁሉ ሲሆን፣ እባካችሁ ብሉልኝ ተብሎ የሚለመንለት ዓሣ አጠገባችን አለ። ሰማያዊው አምባዛ። በሰባዎቹ ለመዝናኛ አጥማጆች ሲባል ከሌላ ቦታ አምጥተው ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ጨመሩት። አሁን የፖቶማክን ወንዝ ሞልቶ ወደ ባሕረ ሰላጤው ወርዷል፤ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። ሜሪላንድ ገደብ አላበጀችለትም፤ የቻልከውን ያህል ያዝ፣ ውሰድ፣ ጥበስ ትላለች። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሕጉና የጋሼ ኩለር ተስማሙ።

ችግሩ አምባዛ ቅርፊት የለውም። በኦሪት ዘሌዋውያን 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም፤ እኛ ቤት ደግሞ ይኼ ሕግ እስካሁን ይሠራል። ስለዚህ ሊበሉት የሚፈልጉትን ዓሣ መንግሥት ልቀቁ ይላቸዋል፤ መንግሥት ብሉ የሚላቸውን ደግሞ እትዬ ድስታቸው አጠገብ አያስደርሱትም። ለቃቂውም አልዳነም። አምባዛ በያዘ ቁጥር ስልኩን ያወጣና ይደናገራል። ቢለቀው ተፈጥሮን ጎዳ፣ ቢወስደው እናቱ ከአዲስ አበባ ቪዲዮ ኮል ታደርጋለች።

መፍትሔውን ያመጡት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ከእኛ ቀጥሎ የሚቆም አንድ የኤል ሳልቫዶር ቤተሰብ አለ። አምባዛ ይወዳሉ። እነሱ የሚይዙት ነጭ ፐርች ግን ትንሽና አጥንታም ስለሆነ ልጆቻቸው አይፈልጉትም። ነጭ ፐርች ቅርፊት አለው። ጋሼ ስፓኒሽ አያውቁም፣ የቤተሰቡ አባት አማርኛ አያውቅም፤ ንግዱ በጣት ተጀመረ። አንድ ትልቅ አምባዛ በስምንት ፐርች። ልጁም የያዘውን አምባዛ ለጋሼ እያስረከበ ኮሚሽን ይቀበላል፣ ሁለት ፐርች። እነሱን አይለቅም፤ አይቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የሳልቫዶሮቹ እናት እዚያው የጠበሰችውን በአሉሚኒየም ትሪ አምጥታ ሰጠችን። ወርቅ መስሏል፣ በዱቄት ተለውሷል፣ ጭንቅላትም ጅራትም የለውም። የቱ ፐርች፣ የቱ አምባዛ እንደሆነ ማንም አያውቅም። እትዬ አንዱን አነሡ፣ በአዋዜ ነከሩት፣ ቀመሱት። ቆም አሉ።

«ይኼ የቱ ነው?»

«በስመ አብ ብለሽ ብዪ፣ አትጠይቂ» አሉ ጋሼ።

እትዬ አማተቡና ሌላ አነሡ።