ችግኝ ትከሉ እንጂ አትቅበሩ

ወገኖቼ ሆይ፣ አፈር አላችሁ፤ ፀሐይም አላችሁ። ከቤታችሁ ጀርባ ያለው ቦታ ግን ወይ አረም ወርሶታል፣ ወይ በሲሚንቶ ተደፍኗል፣ ወይም አምና የተተከለ ችግኝ ደርቆ እንደ ካስማ ቆሞበታል። ዛሬ አጥብቀን የምንገሥጸው ይህን ሦስተኛውን ነው። ምንም ያልተከለ ሰው ነገ ሊጀምር ይችላል። ተክሎ የደረቀበት ግን «የእኔ መሬት አያበቅልም» ብሎ እጁን ያጥባል፤ ለጎረቤቱም ይህንኑ ያወራል። መሬቱን አትክሰሱት። አብዛኛው የፍራፍሬ ችግኝ የሚሞተው በተተከለባት ዕለትና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት በምንሠራው ስሕተት ነው።

ችግኙን ይዛችሁ ገብታችሁ ጉድጓድ መቆፈር ስትጀምሩ እናያለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጉድጓዱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይቆፈር፤ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከላይ የሚወጣውን ጠቆር ያለ አፈር በአንድ ወገን፣ ከሥር የሚወጣውን በሌላ ወገን ከምሩ። አፈሩን ከመመለሳችሁ በፊት ጉድጓዱን በውሃ ሙሉት፤ ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ሙሉትና ሰዓት ያዙ። ውሃው በሰዓት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ደህና ነው። በማግስቱም ውሃው እዚያው ካለ ግን አቮካዶም ፓፓያም እዚያ ቦታ አይኖሩም። ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ውሃ ሲያቁር አየሩ ያልቃል፣ ሥር የሚያበሰብሰው በሽታ ይራባል፣ ቅጠሉም ይጠወልጋል። ባለቤቱ ይህን አይቶ «ጠማው» ይልና ውሃ ይጨምርበታል። እንዲህ ያለ መሬት ያላችሁ ጉድጓዱን ተዉት። ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ወርዱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ የአፈር ጉብታ ሠርታችሁ አናቱ ላይ ትከሉ።

ደህና የሚያሰርገውን ጉድጓድ የላዩን አፈር በማስቀደም መልሳችሁ ሙሉት፤ ለሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ይበቃዋል። ብስባሹ የጫካ አፈር መሽተት አለበት። ገና ትኩስ የሆነ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል፤ እያወቃችሁ አታድርጉት። በሁለቱ ሳምንት ውስጥ አፈሩ ይረጋል። ሳይረጋ ብትተክሉ ግን ችግኙ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይሰምጣል፣ ግንዱም አንገቱ ድረስ ይቀበራል።

በመትከያው ቀን ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውጡት። ከታች ብቻ ቀዶ ከነፕላስቲኩ መትከል እስከ ዛሬ አልቀረም፤ ሥሩን አስሮ እንዲያድግ መጠበቅ ነው። ሥሩ በከረጢቱ ውስጥ ተጠምዝዞ ከሆነ የተጠማዘዘውን በስለት ቁረጡት፤ አትሳሱ፤ ካልተቆረጠ ከዓመታት በኋላ ግንዱን አንቆ ይገድለዋል። ችግኙ በከረጢቱ ሳለ አፈር የነካው እስከየት ከሆነ በጉድጓዱም እስከዚያው ብቻ ይንካው። የተዳቀለ ከሆነ፣ ማለትም የመልካም ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ከተጋጠመ፣ የተጋጠመበት ቦታ ከአፈር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። የግንድ ልጥ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲውል ሲያድር ይበሰብሳል፤ «ነፋስ እንዳይጥለው» ብላችሁ ጠለቅ የምታደርጉት ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ለነፋሱ ሁለት እንጨት ግራና ቀኝ ተክላችሁ ለስላሳ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ እሰሩለት፤ በዓመቱ ፍቱት።

እንደተከላችሁ 15 ወይም 20 ሊትር ውሃ ቀስ እያላችሁ አጠጡ። ዝናብ ከሌለ በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት ሁለቴ ይበቃል፤ ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡና እርጥብ ከሆነ ተመለሱ። በየቀኑ አንድ ጣሳ ውሃ ከላይ መርጨት ሥሩ ላይ ላዩን እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል፤ አንድ ሳምንት ከቤት ብትጠፉ ይደርቃል። ዙሪያውን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ጎዝጉዙለት፤ ጉዝጓዙ ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ግንዱን ካቀፈው መልሳችሁ ቀበራችሁት ማለት ነው።

ከበላችሁት አቮካዶ ፍሬውን ወስዳችሁ የምትተክሉ፣ ትዕግሥታችሁን እናደንቃለን፤ ግን እወቁት። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እስኪያፈራ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ የሚያፈራውም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለው በ3 ወይም በ4 ዓመት ይደርሳል። ከተጋጠመበት ቦታ በታች የሚያቆጠቁጠውን ግን በየጊዜው እየገነጠላችሁ ጣሉ፤ ካልሆነ መልካሙ ዝርያ ተውጦ የታችኛው ይነግሣል፤ የተከላችሁት የተዳቀለ ብርቱካን ከሆነ ዓመታት ቆይታችሁ ኮምጣጣና እሾኻም ሎሚ ትለቅማላችሁ። ፓፓያ ከዘር ቢበቅል ነውር የለውም፤ በአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት አብቅላችሁ እስኪያብብ ጠብቁ። አበባው በረጅም ዘንግ የተንጠለጠለው ወንድ ነው፣ ግንዱን ተጠግቶ የሚያብበው ሴት ወይም ሁለቱንም ጾታ የያዘ ነው። ለአሥር ሴት አንድ ወንድ ይበቃል፤ ሌላውን ንቀሉ። አገሩ ቆላ ሆኖ ፖም የምትመኙም አላችሁ፦ ብዙው የፖም ዝርያ በዓመት ከ800 እስከ 1000 ሰዓት ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ካላገኘ በወጉ አያብብም። ለአየሩ የሚስማማውን ትከሉ።

ርቀትንም አትናቁ። ማንጎ ከ8 እስከ 10 ሜትር፣ አቮካዶ ከ6 እስከ 8፣ ብርቱካንና ሎሚ ከ4 እስከ 5፣ ፓፓያ ከ2 ሜትር ያላነሰ ይፈልጋሉ። ጉልበት የምታህል ችግኝ ስታዩ ይህ ርቀት የተጋነነ ይመስላችኋል። ጠባብ ጓሮ ላይ ማንጎና አቮካዶ ጎን ለጎን ተክሎ፣ ሲያድጉ የጎረቤትን ፀሐይ መከልከልና የፍሳሽ ቱቦ በሥር ማስፈንዳት ግፍ ነው። ጓሮው ጠባብ ከሆነ አንድ ሎሚና ሁለት ፓፓያ ይበቃል፤ የቀረው ለአትክልት ይሁን።

የአትክልት መደብ ወርዱ ከ1 ሜትር ከ20 አይለፍ፤ ከሁለቱም ወገን እጅ መሐሉ ድረስ ይደርሳል፣ እግርም አፈሩን አይረግጠውም። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፤ ቆስጣና ሰላጣ ከዚያ ባነሰም ይኖራሉ። ዘር ከውፍረቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ብቻ ጠልቆ ይዘራ። ካሮት እዚያው ይዘራ እንጂ ከሌላ ቦታ አይዛወር፣ ሥሩ ይጣመማልና፤ ሲበቅልም በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት አሳሱት። ማሳሳት የሚያሳዝነው ሰው ጣት የምታህል ካሮት ይነቅላል። ቲማቲም በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተከል፤ እርሱን ብቻ አንገቱ ድረስ ብትቀብሩት ደስ ይለዋል፣ ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣልና። ፍሬው ከታች ጠቁሮ ሲሰረጉድ ግን ወደ መርጫ መሣሪያ አትሩጡ። ያ ተባይ አይደለም። አንድ ቀን አጥለቅልቃችሁ ሌላ ሳምንት ስታስጠሙት ካልሲየም ወደ ፍሬው ሳይደርስ ይቀራል፤ መድኃኒቱ በልክና በወቅቱ ማጠጣት ነው። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን ዘመዳሞች ናቸው፤ በሽታቸውም አንድ ስለሆነ እነርሱ በነበሩበት መደብ ሦስት ዓመት ሌላ ነገር ዝሩ።

አሁን የሚያስቆጣንን እንናገር። ዛፍ አብቦ ሳለ መርዝ የምትረጩ፣ ንቡን ትገድላላችሁ፤ ከዚያ «ዱባው አበባ እንጂ ፍሬ የለውም» ትላላችሁ። ክሽክሽ፣ ያ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ለፈላበት ቅጠል አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፣ ፀሐይ ሲበርድ የቅጠሉን ጀርባ ማራስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ በተቀላቀለበት ውሃ ሰላጣ አጠጥታችሁ ለልጅ አታቅርቡ። ባትሪ የተሰባበረበት ወይም አሮጌ ቀለም የተፋቀበት አፈር እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ይይዛል፤ እርሳስ በመታጠብ ከአፈር አይለቅም፣ የልጅንም አእምሮ ይጎዳል። እዚያ ቦታ በሌላ ንጹሕ አፈር የተሞላ ሣጥን አድርጋችሁ ዝሩ።

የወደቀ ፍሬ ከዛፍ ሥር ሲበሰብስ ዝም የምትሉም አላችሁ። በውስጡ ያለው ትል ወደ አፈር ገብቶ ተለውጦ የፍራፍሬ ዝንብ ሆኖ ይወጣል፤ ሰፈሩን ያዳርሳል። በየሁለት ቀኑ ልቀሙት። ወይ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቀብራችሁ አፈሩን ርገጡት፣ ወይ በወፍራም ፕላስቲክ አፉን አጥብቃችሁ አስራችሁ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ተዉት። ብስባሽ ውስጥ ግን አትጨምሩት። የጎረቤታችሁ ዛፍ ሥርም ፍሬ ወድቆ ካያችሁ በራቸውን አንኳኩና አብራችሁ ልቀሙ፤ ዝንቡ አጥር አያውቅም።