ትርፍ ብቻውን ዋጋ አይጨምርም
«የኩባንያው ትርፍ ካደገ የአክሲዮኑ ዋጋም ያድጋል» የሚለው እኛ ጋ ገና አይሠራም። እዚህ ደብረ ማርቆስ የባንክ አክሲዮን የያዙ ነጋዴዎችና መምህራን ብዙ ናቸው። ባንኩ ቢያተርፍም፣ ገንዘብ ሲቸግራቸው ገዢ የሚፈልጉት በወዳጅ ዘመድ ነው። አንዳንዱ በገዛበት ዋጋ ይለቀዋል። አክሲዮን በይፋ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ገና በጥር 2017 ነው። ትርፉም ራሱ ይመርመር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ በብር ሲተመን ስለጨመረ፣ ዶላር በእጁ የነበረ ባንክ ሒሳቡ ላይ ትርፍ ይታያል፤ ያ ግን ከብድር ሥራ የመጣ አይደለም። «ዲቪደንዱን (ከትርፉ ለባለአክሲዮኖች የሚከፈለውን ድርሻ) ብቻ እዩ» የምትል ወንድሜ፣ እስቲ ከዲቪደንዱ ላይ የዋጋ ንረቱን ቀንስና አስላው። ባንኩ አዲስ አክሲዮን በሸጠ ቁጥርም ያው ትርፍ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። መጀመሪያ ለአንድ አክሲዮን ስንት እንደደረሰ ጠይቅ።