ልጁ ሠላሳ ዓመት ሲሞላውስ?

ስለ ኦቲዝም፣ ከአንጎል እድገት ጋር ተያይዞ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብደው ሁኔታ፣ ሲወራ ሁላችንም ፊት የሚመጣው ሕፃን ልጅ ነው። መጋቢት 24፣ ፈረንጆቹ ኤፕሪል 2 የሚሉት፣ የዓለም የኦቲዝም ቀን ነው። ዕለቱ ሲደርስ ፌስቡኩ ሰማያዊ ይሆናል። ፊኛ የያዙ ሕፃናት፣ ቀለም የሚቀቡ ሕፃናት፣ እናታቸው ጭን ላይ የተቀመጡ ሕፃናት። ደስ ይላል። ግን ቀኑ መከበር ከጀመረ ከ2008 ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።) ያኔ ፊኛ ይዞ ፎቶ የተነሳው ልጅ ዛሬ ጢም አውጥቷል። እሱ የት ነው ያለው? ፎቶው ላይ የለም።

እኔ በሥራዬ የማገኘው እሱን ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን የሚያመላልስ ሚኒባስ እነዳለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ሐበሻ ሞልቷል። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ አውቶቡስ ያለው ከተማ በመደበኛው አውቶቡስ መሄድ ለማይችል ሰው በቀጠሮ የሚያደርስ መጓጓዣ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። የኔም እንጀራ ከዚያ ሕግ የወጣ ነው ማለት ይቻላል።

ጠዋት ጠዋት የምወስዳቸው ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች አሉ። አንዱ ሱፐርማርኬት ይሠራል። መደርደሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲደረድር የሁሉም ጽሑፍ ወደ ፊት ይዞራል፣ አንድ እንኳ አያመልጠውም። ሌላው ሆስፒታል ውስጥ ጋሪዎች ላይ ጓንትና መርፌ የሚሞላ ነው። ብዙም አያወራም፣ መንገድ ከቀየርኩ ግን ጉዴ ፈላ። የተዘጋ መንገድ እንዳለ ከመነሳታችን በፊት ካልነገርኩት እስክንደርስ ድረስ ሰላም የለውም። አሁን ለምጃለሁ። ገና በሩን ሲከፍት «ዛሬ በዚህ በኩል ነው» እለዋለሁ፣ ያስብበታል፣ ይገባል።

የሆስፒታሉ ሥራ ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ደስ የሚል ታሪክ አገኘሁ። በ1996 ሲንሲናቲ በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ የነበረች ኤሪን ሪል የምትባል ነርስ ነበረች። ክፍሏ ውስጥ ዕቃ የሚሞሉ ሠራተኞች ሥራው ስለሚሰለቻቸው ቶሎ ቶሎ ይለቃሉ። ጓንቱ፣ ፋሻው፣ ቱቦው በየቦታው መኖር አለበት፤ ካልኖረ ሰው ይሞታል። ሆስፒታሉ የእድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ያክማል፤ ታዲያ ለምን አንዳቸውም እዚህ አይሠሩም ብላ ጠየቀች። ከዚያ ጥያቄ ፕሮጀክት ሰርች የሚባለው ፕሮግራም ተወለደ። ተማሪው የመጨረሻውን የትምህርት ዓመት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ሆስፒታል ወይም መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ሦስት ዓይነት ሥራ እየተዘዋወረ ሲለማመድ ያሳልፋል። ጆብ ኮች የሚባል አሰልጣኝ አጠገቡ ይቆማል። ሥራውን በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ፣ አንዳንዴ በሥዕል አድርጎ ያሳየዋል። ልጁ ሲለምድ አሰልጣኙ ቀስ እያለ ይርቃል። ዛሬ ፕሮግራሙ ከአሜሪካ አልፎ ሌሎች አገሮችም ገብቷል።

ልብ በሉልኝ፣ ነርሷ የተነሳችው ከርኅራኄ ብቻ አይደለም። ሠራተኛ ቸግሯት ነው። ለኔ የታሪኩ ቁም ነገር እሱ ላይ ነው።

የኮምፒውተር ሰዎችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ዴንማርክ ውስጥ ቶርኪል ሶነ የተባለ አባት፣ ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ካወቀ በኋላ በ2004 ስፔሻሊስተርነ የሚባል ድርጅት ከፈተ። ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች ሶፍትዌር በመፈተሽ ሥራ ላይ አሰማራ። የጀርመኑ የሶፍትዌር ኩባንያ ኤስ ኤ ፒ በ2013፣ ማይክሮሶፍት በ2015 ተከተሉ። ብልሃታቸው ምንድነው? ኢንተርቪውን ትተው ወይም ቀይረው ሰውየውን ሲሠራ ማየት ነው። ኢንተርቪው ማለት ዓይን ለዓይን መተያየት፣ ፈገግ ማለት፣ ራስን መሸጥ ነዋ። እዚህ ላይ አንድ የገረመኝን ልናገር። እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲያናግረው አቀርቅሮ የሚሰማ ልጅ «ጨዋ» ነው የሚባለው። ያው ልጅ አሜሪካ ለኢንተርቪው ቢቀርብ ይወድቃል። በተቃራኒው እኛ ጋ ሰላምታ ያልመለሰ ሰው አለቀለት። ቤተሰብ ደህና፣ ጤና እንዴት ነው፣ ከብቱ፣ አዝመራው እያልን በደረደርን ቁጥር ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጆሮውን ይዞ ይሸሻል፤ «ኩራተኛ»፣ «ያልተቀጣ» ይባላል። ሁለቱም አገር የየራሱ ፈተና አለው።

የኮምፒውተሩን ወሬ ግን ብዙ አላራግበውም። ፊልም የተመለከተ ሁሉ ኦቲዝም ሲባል የሒሳብ ሊቅ ይጠብቃል። አብዛኛው ሰው ሊቅ አይደለም፣ ኦቲዝም ኖረበትም አልኖረበትም። ቀኑን ሙሉ ሰው አጠገቡ ካልኖረ መዋል የማይችልም አለ። እሱ ሥራ ባይቀጠርም ውሎ ያስፈልገዋል፤ የሚሄድበት ቦታ፣ የሚያውቀው ፊት።

አሜሪካ ሁሉ ነገር የተመቻቸ ነው እንዳትሉኝ። ከ1975 ጀምሮ ማንኛውም ልጅ፣ ጉዳቱ ምንም ይሁን ምን፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ የመማር መብት አለው። ቢዘገይ በ16 ዓመቱ፣ ሲጨርስ ምን እንደሚሠራ እቅድ ሊወጣለት ይገባል። አውቶቡሱ በር ድረስ ይመጣል፣ የንግግር ባለሙያው ይመጣል። ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው 21 ወይም 22 ዓመት ሲሆነው ያበቃል። ሰኔ ላይ ኮፍያውን ወርውሮ ይመረቃል፤ መስከረም ላይ አውቶቡሱ አይመጣም። ከዚያ በኋላ ያለው እርዳታ መብት መሆኑ ቀርቶ ወረፋ ይሆናል። ሜዲኬድ ዌቨር የሚባለውን፣ ቤት ውስጥ ረዳት የመሳሰለውን የሚከፍል የመንግሥት ድጋፍ ለማግኘት ዓመታት የሚጠብቁ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ያገሬ ሰዎች ደግሞ ብዙዎቹ ስሙን የሚሰሙት ልጁ 20 ካለፈ በኋላ ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ልጁ ገና ትንሽ ሳለ በየካውንቲው ወዳለው ኮሚኒቲ ሰርቪስስ ቦርድ ሄዳችሁ አስመዝግቡት። ለሥራ ስልጠና ቨርጂኒያ ዳርስ፣ ሜሪላንድ ዶርስ የሚባሉ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ይህን አንብባችሁ አንዳችሁ ብትደውሉ ይበቃኛል።

ሌላው ጣጣ ገንዘብ ነው። ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ሰው በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ማስቀመጥ አይችልም። ይህ ገደብ ከ1989 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ወላጅ ልጁ ሥራ ሲያገኝ ከመደሰት ይልቅ ይደነግጣል። «ድጎማው ቢቆረጥስ? ሕክምናውስ?» ብሎ ከሥራ ያስወጣ አባት በሚኒባሴ ተሳፍሮ አጫውቶኛል። (ለልጁ እቁብ ላስገባለት ብሎ የሚያስብ ካለ ቆይ በሉት። ዕጣው ወጥቶ ባንክ በገባ ማግስት ደብዳቤ ነው የሚመጣው።) በ2014 የወጣ ኤብል የሚባል ሕግ አለ። በዚያ ሕግ በሚከፈት ልዩ የቁጠባ ሒሳብ የተቀመጠ ገንዘብ፣ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ፣ ድጎማውን አያስቀርም። ሐበሻ መሀል ግን ሲወራበት ሰምቼ አላውቅም።

ደመወዝንም ካነሳን፣ በ1938 የወጣ የአሜሪካ የሥራ ሕግ አሠሪ ፈቃድ እስካለው ድረስ ለአካል ጉዳተኛ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች እንዲከፍል ይፈቅዳል። በሰዓት ጥቂት ሳንቲም እየተከፈላቸው ዕቃ ሲያሽጉ የኖሩ ሰዎች አሉ። ሜሪላንድ ይህን በ2020 አስቀርታለች፣ ቨርጂኒያም እስከ 2030 ጨርሳ ልትተወው ወስናለች። የሠለጠነ የምንለው አገር ገና አሁን ነው ከዚህ እየወጣ ያለው።

ወደ አገር ቤት ልምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ጉዳይ ከጓዳ አውጥተው አደባባይ ያቆሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከአሜሪካ ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ የውበት ትምህርት ቤት የከፈቱ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ጆጆ ኦቲዝም አለበት። የሚቀበለው ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ልጄ ይህ ነው ብለው ተናገሩ። ያኔ «እርግማን ነው»፣ «ምን በድላ ነው» በሚባልበት ዘመን ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም። በ2021 አረፉ። ከሳቸው በኋላ ነህምያን የመሳሰሉ ማዕከላትም መጡ። ወረፋቸው ግን ረጅም ነው፣ ከአዲስ አበባ ውጪ ደግሞ ያለው ነገር ኢምንት ነው። የተቋቋሙትም በዋናነት ለልጆች ነው። ልጁ ያድጋል፣ ወንበሩ ግን ለሌላ ሕፃን ይፈለጋል።

ሕጉስ? የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ፤ ይህ ዓመት የኛው ነው። ተመሳሳይ ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ለአካል ጉዳተኛው ቅድሚያ ስጡ ይላል፣ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችም ያስገድዳል። ጥሩ አዋጅ ነው። ነገር ግን ተወዳድሮ ውጤት ለሚያመጣ ሰው ነው የሚያገለግለው። ትምህርት ቤት አልቀበልህም የተባለ ልጅ ምን ሰርተፊኬት ይዞ ይወዳደራል? ማስታወቂያው ጽዳት እንኳ «10ኛ ክፍል ያጠናቀቀ» ይላል።

ይህ ሁሉ እያለ አገር ቤት አሜሪካ የሌላት ነገር አለ። ያደግሁበት ሰፈር አንድ ጎልማሳ ነበር። ያኔ ኦቲዝም የሚባል ስም ማንም አያውቅም፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን ሌላ ስም አላገኝለትም። እድሩ ድንኳን ሲተክል አግዳሚውን የሚደረድረው እሱ ነበር። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። አንድ ሰው ወንበር ካዛነፈ መጥቶ ያስተካክላል፣ ለቀስተኛው ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም አይቆጣም። ዳቦ ቤቱ ጠዋት ዳቦ ያስቆጥረዋል፤ ሒሳቡ ዝንፍ አይልም። ምሳ አንዷ ቤት፣ እራት ሌላዋ ቤት። ዳቦ ቤቱ ግን ከዳቦ በቀር ከፍሎት አያውቅም። እድሩም እንዲሁ። ሥራ ይሠራል፣ ሠራተኛ ግን አይባልም። እናቱ ሲሞቱ በስሙ አንዲት ብር አልነበረችም።

እዚህ የማመላልሳቸው ወጣቶች በየሁለት ሳምንቱ ደመወዛቸው ባንክ ይገባል። ቅዳሜ የሚጠራቸው ሰው ግን የለም። አንዷን ተሳፋሪዬን ሥራ ከሌለሽ ቀን የት ትሄጃለሽ ብላት «ሥራ» አለችኝ። የበዓል ቀን ሁሉ ያስጠላታል።

የኛም የሰፈር ነገር ቢሆን እየተበተነ ነው። ከተማው ሲታደስ ነባር ሰፈር ይፈርሳል፣ ሰው ወደ ዳር ኮንዶሚኒየም ይሄዳል። ለኛ አዲስ ቤት፣ አዲስ ጎረቤት ነው፣ ይለመዳል። የለመደውን መንገድና የለመደውን በር ይዞ ለሚኖር ሰው ግን ዓለሙ ነው የሚፈርሰው። አራተኛ ፎቅ ላይ በር ተቆልፎበት የሚውል ልጅ ያላት እናት በቅርቡ በስልክ ስታለቅስ ሰምቻለሁ። ድሮ ሱቅ ይላክ ነበር፤ ባለሱቁ ያውቀዋል፣ መልሱን ቆጥሮ ይሰጠዋል። አዲሱ ቦታ ማንም አያውቀውም፤ «ሌባ ነው» ብለው መቱት። ከዚያ ቆለፈችበት። ምን ታድርግ?

ታዲያ እኛ ውጭ ያለነው በየዓመቱ አዳራሽ ተከራይተን፣ ክትፎ በልተን፣ ለማዕከል ገንዘብ እናዋጣለን። አልቃወምም፣ እኔም አዋጣለሁ። ግን አሻንጉሊትና ፍራሽ በምንልክበት ገንዘብ ሁለት ሦስት የሥራ አሰልጣኞች ደመወዝ ብንችልስ? አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ላኪዎች መጋዘን ውስጥ በእጅ ቡና የሚያስለቅሙበት ሥራ አለ። ጥቁሯን፣ የተሰበረችዋን፣ የተበላችውን ፍሬ ከመሀል ነጥሎ ማውጣት ነው። ብዙ ሰው ዓይኑ ይደክማል፣ ልቡ ይሸፍታል። እዚያ ላይ የሚጎብዝ ሰው እንዳለ አልጠራጠርም። እርግጥ የለቃሚ ክፍያ ራሱ አንጀት የሚበላ ነው፤ «እነሱማ ምን ያደርጉበታል» ተብሎ ደግሞ ከዚያ በታች እንዳይወርድ መጠበቅ አለበት። ማተሚያ ቤት ወረቀት ማጠፍ፣ ሆስፒታል ካርድ መደርደር፣ ችግኝ ጣቢያ ውሃ ማጠጣትም አለ። አሰልጣኝ አንድ ሰው ለአራት ለአምስት ሠራተኛ ይበቃል። አሠሪው ከቸርነት ሳይሆን ሥራው ስለተሠራለት ነው የሚቀጥለው።

ሩቅ ሳንሄድ ግን እዚሁ እንጀምር። በሚኒባሴ ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች ሆስፒታል፣ ሱፐርማርኬት፣ ሆቴል፣ ቤተ መጻሕፍት አድርሻለሁ። አንድም ቀን ሐበሻ ድርጅት አላደረስኩም። አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ሱቃችን፣ ሬስቶራንታችን፣ እንጀራ ቤታችን በሽ ነው። ሠራተኛ አጣን እያልን ደግሞ በየቀኑ እናማርራለን።

ሰሞኑን እንጀራ ጋግሮ ለሱቆች የሚያከፋፍል ወዳጄን ይህንኑ አነሳሁበት። ማሸጊያው ክፍል ፀጥ ያለ ነው፣ ሥራው በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው፤ አሥር እንጀራ ቆጥሮ በፕላስቲክ ማድረግ፣ ቀን መለጠፍ፣ ካርቶን መሙላት።

«ወንድሜ፣ ደንበኛ ቢያየውስ?» አለኝ።

«ደንበኛ እዚያ ክፍል ገብቶ ያውቃል?»

አሰበ። «ከተሳሳተስ?»

«አሁን ያሉት አይሳሳቱም?»

ሳቀ። ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ እንጀራ ያለበት ፓኬት ተመልሶበት ሲናደድ አይቼዋለሁ። ከዚያ ደመወዙን ጠየቀኝ። ለሌሎቹ የምትከፍለውን አልኩት። አሰልጣኙን መንግሥት እንደሚመድብ፣ መጀመሪያ ለሙከራ ሊያየው እንደሚችል ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ሰኞ እደውልልሃለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር ልማከር» አለኝ።

የሐበሻን «ሰኞ» ስለማውቀው የዶርስን ስልክ ቁጥር ጽፌ ካሽ ሬጅስተሩ ላይ ለጥፌለት ወጣሁ። ማክሰኞ እኔው እደውላለሁ።