አለቆቹስ መቼ ይሰለጥናሉ?

ሰሞኑን የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው የተገልጋይ ቅሬታ ለምን እንደበዛ ሲያስረዱ አይታችሁ ይሆናል። እንደሳቸው አባባል ጥፋቱ የመስኮት ሠራተኞቹ ነው። የተግባቦት ክህሎት ያንሳቸዋል። ስለዚህ ሆቴል ተከራይተው፣ ባነር ሰቅለው፣ ልጆቹን ሁለት ቀን አሰለጠኗቸው። ሰርተፍኬት ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሱ፣ አለቀ።

በዜናው መሀል አሰልጣኙም ብቅ ብሎ ነበር። ከኋላው ስክሪኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ያው የምናውቀው ቁጥር ነው። ከተግባቦት 93 በመቶው ከቃል ውጭ ነው፣ ቃል 7 በመቶ ብቻ ነው የምትለዋ። ኧረ ይቺ ቁጥር መቼ ነው የምትሞተው? ምንጯ አልበርት ሜህራቢያን የተባለ የሎስ አንጀለስ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሁለት ትንንሽ ሙከራዎችን አሳተመ። በአንደኛው ዘጠኝ ነጠላ ቃላትን በተለያየ የድምፅ ቃና አሰማ። በሌላው «ምናልባት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ አስነብቦ ከፊት ፎቶዎች ጋር አቀረበ። የጠየቀውም ተናጋሪው ለአድማጩ ምን ስሜት አለው የሚለውን ነው። በቃ። ቁጥሩ ስለ ስሜትና ስለ ዝንባሌ ካልሆነ በቀር ለሌላ ንግግር እንደማይሠራ ሰውየው ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። የኛ አሰልጣኞች ግን ያንን እያነሱ ካርታውን ለሚጠይቅ ባለጉዳይ ይሰጡታል።

«ካርታዬ የት ደረሰ?» ብሎ ለመጣ ሰው መልሱ ያለው በዚያችው በ7 በመቶዋ ውስጥ ነው። ፈገግታውን ይዞ ባንክ ሊበደርበት አይችል። ቁጥሯ የማትሞተው ለአለቆች ስለምትመች ነው ባይ ነኝ። ቃል ዋጋ ከሌለው ባለጉዳዩ ምን ተነገረው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ጥርስ ማሳየት ከተቻለ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቢሮ (ስሙ ይቅር) ጉዳይ ልጨርስ ሄጄ ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት አሉ። የመስኮቷ ልጅ ገና ስታያቸው ብድግ አለች። «እማማ፣ ይቀመጡ» ብላ የራሷን ወንበር አዞረችላቸው። ስማቸውን ጠይቃ ፈለገች፣ አገኘች። ፋይሉ ኃላፊው ጋ ነው፣ አልተፈረመም አለቻቸው። «መቼ ይፈረማል ልጄ?» ዝም። አታውቅማ! ትጠይቅላቸው ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ደቂቃ ሳትቆይ ተመለሰች። ፊቷ ቀልቷል። «እማማ፣ እስቲ ሳምንት ይሞክሩ» አለች፣ እጇ ላይ ያለውን እስክሪብቶ እያየች።

እስቲ ንገሩኝ፣ ይቺን ልጅ ምን ልታሰለጥኗት ነው? ትሕትናው ሞልቶ ፈሷል። የሌላት መልሱ ነው። መልሱን የያዘው ሰውዬ ደግሞ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል፣ ስልጠናውም አይነካውም።

እዚህ ላይ የአቪዬሽን ሰዎች የሠሩትን ማየት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1977 በስፔኗ የቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ጭጋግ ነበር፣ የሬዲዮ መደነቃቀፍ ነበር። ግን አንዱን ነገር ልብ በሉልኝ። የአንደኛው፣ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ካፒቴን የመነሳት ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ። ከኋላው የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ያኛው፣ የአሜሪካው የፓን አም አውሮፕላን ከመንገዱ አልወጣም እንዴ ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ወጥቷል አለ፣ ፈርጠም ብሎ። መሐንዲሱም ዝም። ምን ይበል? ካፒቴኑ እኮ የአየር መንገዱ አሰልጣኞች አለቃ ነው። ፎቶው ማስታወቂያ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። አጠገቡ ያለውን ረዳት አብራሪም ለዚህ አውሮፕላን የፈተነው ራሱ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚባለው እኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። መሐንዲሱ አይቷል፣ ተናግሯልም። ሰሚ ነው የጠፋው።

ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? እ.ኤ.አ. በ1979 ናሳ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ነገሩን አስመረመረ። በ1981 ዩናይትድ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ስልጠና ጀመረበት። ስልጠናው አስተናጋጆቹን ፈገግ በሉ በማለት አልተጀመረም። የተነካው የካፒቴኑ ጠባይ ነው። ጠይቅ፣ አዳምጥ፣ የበታችህ ሲናገር ክብሬ ተነካ አትበል። የበታቹም ካፒቴኑ ቢቆጣም እንዲናገር ተነገረው። ዛሬ ያለዚህ ስልጠና የመንገደኛ አውሮፕላን ማብረር የለም። ቢሮ አውሮፕላን አይደለም የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አይደለም። ቢሮ ሲከሰከስ መርማሪ አይመጣም፤ የእማማ ፋይል ስንት ወር እንደተኛ የሚመዘግብ ጥቁር ሣጥን የለም፤ ለዚያ ነው ጥፋቱን መስኮት ላይ ለተቀመጠችው መስጠት የሚቀለው።

አሰልጣኙ ደግሞ ወጣቶቹ አለቃቸውን ዓይን ዓይኑን አያዩም፣ በራስ መተማመን ይጎድላቸዋል ብሏል። ወንድሜ፣ ቀና ብሎ ያየውን ልጅ እኮ «ምን ታፈጣለህ?» የሚለው ያው አለቃ ነው።

የሚያመናጭቅ የመስኮት ሠራተኛ የለም አላልኩም። አለ፣ ደህና አድርጎ። እሱም ግን ጠዋት ስብሰባ ላይ የተመናጨቀውን ከሰዓት ለኛ ሲያካፍል ነው የማየው። ጥናት አልጠቅስላችሁም፣ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ቤትም ያው ነው። ልጆቼ ምንም አያዋዩኝም እያለ የሚያማርር አባት ሞልቷል። ልጁ ፈተና ወደቅሁ ብሎ የነገረው ዕለት ምን እንደመለሰለት ግን አይነግራችሁም።

ከልብ ከተፈለገ ሥራው ሆቴል አያስኬድም። ኃላፊው በሳምንት አንድ ቀን መስኮቱ ላይ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ጉዳይ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ማን እንደሚፈርምበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ የፈራሚው ስም ጭምር። አበል የለውም፣ ለዚያ ይሆናል ያልታሰበው።

ሁለተኛው ዙር ስልጠና በቅርቡ ይቀጥላል ተብሏል። ተራው የጥበቃ ሠራተኞች ነው አሉ። በር ላይ ቦርሳችንን የሚፈትሸው ሰውዬ ፋይላችን የት እንደገባ እንዲያስረዳን ከሆነ፣ እንጃ።