«ባቡር እኮ መሪ የለውም» በለው

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። የባቡር ሥልጠና መመዝገቢያዋን መስኮት የምታውቋት ታውቋታላችሁ፣ ማስታወቂያውንም አይታችሁታል፣ «ሰልጣኝ ባቡር ነጂ» የሚለውን። ዛሬ ጠዋት ኮምቦልቻ እዚያ ሰልፍ ላይ በአንድ ሰው ላይ የሆነውን ውጬ ብተኛ ያንቀኛል።

ሰውየው የሲኖ ሹፌር ነው፣ ከነተሳቢው። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዚያ መልሶ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ። ልጆቹ አባታቸውን የሚያውቁት በስልክ ነው። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ወረቀቱን በክላሰር አስተካክሎ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆሞ ተራው ደረሰ።

«ምን ነበር?»

«የባቡር ነጂውን ሥልጠና ልመዘገብ ነው፣ እህቴ።»

«ሥራህ?»

«ሹፌር ነኝ።»

«የባቡር ልምድ አለህ?»

«ሰልጣኝ አይደል የሚለው? ልምዱንማ እናንተ ልትሰጡን ነው።»

ልጅቷ ዞር ብላ ከኋላዋ ለተቀመጠው ባልደረባዋ፣ ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ፣ «የሲኖ ሹፌር ባቡር ልንዳ ብሎ መጥቷል» አለችው። እሱም ቀና ሳይል «ባቡር እኮ መሪ የለውም በለው!» ብሎ ሳቀ። እሷም ቀጠለች፦ «አንተ ጎማ መቀየር ነው የምታውቀው፣ ይሄን ለወጣቶች ተወው።»

ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጎማማ ስቀይር ኖርኩ፣ እህቴ። ዛሬ የመጣሁት ሥራ ልቀይር ነው።» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፣ ዘበኛው ሳይቀር። እሷ አልሳቀችም። «ሲስተም የለም፣ ከሰዓት ተመለስ» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ገና አራት ሰዓት ከሃያ ነበር።

መጀመሪያ «አንተ» መባሉ። ወሎ ላይ ሰው ለማያውቀው እንግዳ «አንቱ» እያለ ነው የሚያድገው። ታናሽ እህቱ የምትሆን ልጅ ሰው በተሰበሰበበት አባወራውን «አንተ» ስትለው፣ እሱ «እህቴ» ከማለት ዝንፍ አላለም። እኔ ብሆን እንደሱ የምታገሥ አይመስለኝም።

ሁለተኛው፣ ደሜን ያፈላው፣ «መሪ የለውም» የሚለው ነው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው የሚመርጥ ሰው ስለ ሥራው ይህን ያህል አያውቅም ማለት ነው! መሪ ስለሌለው እኮ ነው ከባድ የሆነው። መኪና መንገድ ላይ የቆመ ነገር ካየህ በመሪ ታመልጣለህ። ባቡር ነጂ ማምለጫ የለውም። በእጁ ያለው ኃይል መስጠትና ፍሬን መያዝ ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ከሚያስፈልግበት ቦታ በፊት፣ ገና ምንም ሳይታየው ማድረግ አለበት።

ብረት በብረት ላይ ነው የሚሽከረከረው። እያንዳንዱ ጎማ ሐዲዱን የሚነካው በአንድ ሳንቲም ስፋት በምታህል ቦታ ነው። በዚህ ምክንያት ነው አንድ ሎኮሞቲቭ ከ3,000 ቶን በላይ መሳብ የሚችለው፣ ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር ብዙ አይከብድምና። ያው ምክንያት ለማቆም ሲሆን ጠላት ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ያለ የመኪና ጎማ የሚይዘውን ያህል ሐዲድ ላይ አይያዝም፣ ሐዲዱ በጤዛ ወይም በካፊያ ከረጠበ ደግሞ ይብሳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር ለመቆም ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ሊፈልግ ይችላል። ጎማው ከተንሸራተተ ነጂው ከፊቱ አሸዋ ያስረጫል። አዎ፣ ደረቅ አሸዋ፣ በሳጥን የሚጫን፣ በአየር የሚነፋ። ከመነሳቱ በፊት ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ያላየ ነጂ ዳገት ላይ ጎማው በቦታው ሲሽከረከር ያየዋል።

ፍሬኑንስ? ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ አንድ የአየር ቧንቧ ይዘልቃል፣ በአብዛኛው የጭነት ባቡር 5 ባር ያህል ይሞላል። እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ የአየር ማጠራቀሚያ አለው። ነጂው ፍሬን የሚይዘው አየር በመስጠት አይደለም፣ ከቧንቧው አየር በመቀነስ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ፉርጎዎቹ የየራሳቸውን አየር ለፍሬናቸው ይለቃሉ። ቧንቧው ቢበጠስ ግፊቱ ወደ ዜሮ ይወርድና ባቡሩ በራሱ ይቆማል። ይህን ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ለሲኖ ሹፌር ግን የእጅ ፍሬኑን አስታውሰው፣ አየር ሲያልቅ የሚይዘውን። በአምስት ደቂቃ ይገባዋል።

የሚያስፈራው ቁልቁለት ነው። ነጂው ይዞ፣ ለቆ፣ ወዲያው ደግሞ ቢይዝ የፉርጎዎቹ ማጠራቀሚያ ለመሙላት ጊዜ አያገኝም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ የሚይዝ አየር የለም። ስለዚህ ቁልቁለት ከመግባቱ በፊት ፍጥነት ይቀንሳል፣ በሎኮሞቲቩ ሞተር ፍሬን ይዞ ይወርዳል፣ የአየሩን ፍሬን ይቆጥበዋል።

አሁን ንገሩኝ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት በጭነት የወረደ ሰው ይህን አያውቅም? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ስድስት መቶ ሃምሳ ሜትር ትወርዳለህ። ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሹፌር የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ታምቡሩ ይጨሳል፣ ከታች ሲደርስ ፔዳሉ ባዶ ነው። የሚያውቅ ሹፌር ከላይ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይዞ ነው የሚወርደው። ይህ ሰው አሥራ አራት ዓመት የሠራው ይህንን ነው። ማስታወቂያው ላይ ለዚህ የሚሆን አንድ ሳጥን የለም። ለደረጃ 4 የምስክር ወረቀት አለ። ለኮምፒውተር ችሎታ አለ። ፍሬኑን ጠብቆ ለሚወርድ ሰው የለም።

አዲስ የሚሆንበትም አለ፣ አልደብቅም። ርዝመቱ አንዱ ነው። ስምንት መቶ ሜትር በሚረዝም ባቡር የፊተኛው ፉርጎ ፍሬን ሲይዝ የኋለኛው ሰከንዶች ቆይቶ ነው የሚይዘው፣ የኋላው ፊተኛውን ይገፋዋል። ሲለቀቅ ደግሞ ፊቱ ቀድሞ ይለቃል፣ ኋላው ገና ይዞ ነው። በዝግታ እየሄደ ፍሬን ለቅቆ ኃይል የሚሰጥ ነጂ የፉርጎዎቹን መጋጠሚያ ይበጥሳል። ከባቡሩ በላይ የተወጠረው የኤሌክትሪክ ሽቦም አለ፣ 25 ሺህ ቮልት። በየተወሰነ ርቀት ኃይል የሌለበት አጭር ክፍተት ይመጣል፣ ከሁለት የተለያየ መስመር የሚመጣው ኃይል እንዳይገናኝ። ሳይደርስበት ኃይል መቁረጥ፣ ካለፈ በኋላ መመለስ። ይህንና የመስመሩን ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ኩርባ፣ ምልክት በጨለማ እስኪያውቀው ድረስ ማንም ብቻውን አይነዳም። ሥልጠና የተባለው ለዚህ እኮ ነው! አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ «ሰልጣኝ» የምትለዋን ቃል ከማስታወቂያው ላይ አንሷት።

ከሁሉ በላይ ግን ንቃት ነው። ከነጂው እግር ሥር ፔዳል፣ ከእጁ ሥር ቁልፍ አለ፣ በየተወሰነ ሰከንድ ካልነካው ይጮኻል፣ ነጂው አሁንም ካልነካው ባቡሩ ራሱ ድንገተኛ ፍሬን ይይዛል። ምክንያቱም ሥራው ለሰዓታት ምንም የማይሆንበት፣ ከዚያ በአንዲት ቅጽበት ሁሉም የሚሆንበት ነው። በአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ከብትና ግመል ሐዲድ ላይ እየገባ ስንቱ ተመትቷል። ከሚሌ በረሃ ሌሊት ተጉዞ፣ እንቅልፍን ታግሎ፣ የግመል ዓይን በመብራት ሲያበራ ከሩቅ የለየ ሰው ከዚህ ሥራ የራቀ ነው ወይ?

ሌላው ዓለም ይህን በወረቀት አይለየውም፣ በፈተና ነው። እንግሊዝ አገር የሰልጣኝ ነጂ ማስታወቂያ የባቡር ልምድ አይጠይቅም፣ ከአውቶቡስ፣ ከፖሊስ፣ ከሱቅ የመጣ ያመለክታል። ከዚያ ያስቀምጡታል። ገጽ ሙሉ የነጥብ ጥቅሎች፣ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት፣ አምስት አምስት፣ ስድስት ስድስት። አራቱን ብቻ ምልክት አድርግ ይሉታል፣ በሰዓት፣ ገጽ በገጽ። የሚፈተነው ዕውቀት አይደለም፣ ትኩረቱ ሲሰለች ምን ያህል እንደሚዘልቅ ነው። ብርሃን ሲበራ በእጅና በእግር የመመለስ ፍጥነት አለ። በቃል የተሰጠን ደንብ አስታውሶ ጥያቄ መመለስ አለ። ቃለ መጠይቁም «ራስህን ግለጽ» አይደለም፣ «ደንብ ጠብቀህ ሌሎች የተናደዱብህ ቀን የቱ ነው? ምን አደረግህ?» ነው። ለቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ፣ «እኔ ጠንቃቃ ነኝ» አትበሉ። ቦታውን፣ ጭነቱን፣ ሰዓቱን፣ ያደረጋችሁትን ተናገሩ።

ዓይንና ጆሮም አለ፣ ይሄ ቀልድ የለውም። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ልቡ የማያስተማምን፣ አይነዳም። በነጠብጣብ ቀለም መሃል ቁጥር የሚያስነብቡበት ፈተና ነው፣ በጥናት አይታለፍም፣ ስለዚህ ለወረቀትና ለመንገድ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መጀመሪያ ዓይናችሁን ታዩ። መስኮቷ ግን ይህን በመጨረሻ ነው የምትጠይቀው። ሰው ወር ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ ተንከራትቶ ወረቀት ያሟላል፣ በመጨረሻው ቀን ቀለም አትለይም ይባላል።

ወረቀቱ! የልምድ ማስረጃ ከግል ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት ይሁን ይላሉ። የስንቱ መኪና ባለቤት ነው ለሹፌሩ ግብር የከፈለው? ለሹፌሩ ሲሰጥ የኖረው አበልና ቃል ነው። ያላስከፈለው መንግሥት፣ ያልከፈለው ባለሀብት፣ ልምዱ የሚሰረዘው የሹፌሩ። ከዚያ ስም። መንጃ ፈቃዱ ላይ «መሐመድ»፣ የቀበሌው ላይ «ሙሐመድ»፣ ፋይዳው ላይ ሌላ። አንድ ፊደል ለማስተካከል ሁለት ሳምንት። ከሁለት ሳምንት በፊት አንዱን ጎረቤታችንን ከደሴ ኮምቦልቻ አራት ጊዜ ያመላለሱት በዚሁ ነው፣ በአራተኛው ቀን ምዝገባው አልቋል አሉት። የምታመለክቱ ዛሬውኑ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል፣ የልደት ዓመቱን ቁጥር በቁጥር አስተያዩ። ዋናውን ከኮፒው ጋር ያዙ። ኮፒ ደግሞ መብራት ይፈልጋል፣ መብራት ደግሞ ዛሬ የለም።

መብራት ስል አሁንም ያ ሐዲድ ትዝ አለኝ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር፣ በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው። ሐዲዱ ተነጥፎ፣ ምሰሶው ቆሞ፣ ሽቦው ተወጥሮ፣ ኃይል እየጠበቀ ቆየ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደረሰበት። ያደግነው የባቡሩን ድምፅ ልንሰማ ነው እየተባልን ነው። ልጆቻችንም እንደዚያው እያደጉ ነው። ስለዚህ ነው ማስታወቂያው ሲወጣ ሰው ከሌሊት ጀምሮ የተሰለፈው፣ አንቺ የመስኮቷ ልጅ። ሥራ ብቻ ፈልጎ አይደለም።

ዕድሜ? እሺ፣ እንቁጠር። ሠላሳ ሰባት ነው። ሥልጠናው ሁለት ዓመት ቢፈጅ ሠላሳ ዘጠኝ። ጡረታ ስልሳ። ሃያ አንድ ዓመት ይነዳል። የሃያ ሁለት ዓመቱ ወጣት በሦስተኛው ዓመት ውጭ አገር ቢሄድ ማነው የከሰረው? በእንፋሎት ዘመን ነጂ የሚሆነው ሎኮሞቲቭ ሲያጥብና ከሰል ሲያቀርብ ከነጂው ጎን ዓመታት የቆመው ሰው ነበር። የጅቡቲው መስመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅም መጀመሪያ የነዱት ቻይናዎች ነበሩ፣ የእኛ ልጆች አጠገባቸው ቆመው ተማሩ፣ ከዚያ ያዙት። ሲወለድ ባቡር የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

ከሰውየው ሁለት ሰው ኋላ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ከቴክኒክና ሙያ የወጣች፣ ኤሌክትሪክ የተማረች። መስኮቱ ሲዘጋ ዘበኛው «አንቺ ደግሞ ሌሊት በረሃ ለበረሃ ልትነጂ ነው?» አላት። አዲስ አበባ የከተማውን ባቡር ሴቶች ሲነዱ አላየም መሰለኝ። ልጅቷ መልስ አልሰጠችም፣ ክላሰሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። እሷም አላስቻለችኝም።

ደክሞኛል። ከሰዓት ተመልሶ ሄደ፣ ሲስተሙ አልመጣም። አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሚሌ ጭነት ነበረበት፣ ሄደ፣ ክላሰሩን ከወንበሩ ኋላ ሰክቶ። እሁድ ማታ ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እሱም፣ ልጅቷም፣ እኔም መስኮቷ ፊት ነን። የግብሩን ወረቀት በተመለከተ ከመኪናው ባለቤት ጋር የሚነጋገር ሽማግሌ አግኝተናል። የቀረን አንድ ነው፣ ከሰኞ በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ ጀነሬተር ያለው ኮፒ ቤት የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።